ሰባት ጊዜ ታጥቧል

ሰኞ 5/2። ግፊት 155 በ 95።

ይህን ደብተር ያስጀመረችኝ የክሊኒኳ ነርስ ናት። «ጠዋት ጠዋት ግፊትዎን ይለኩና ቁጥሩን ይጻፉ፤ ከሥሩም ቀኑ እንዴት እንደዋለ አንድ ሁለት መስመር ይጨምሩበት፤ ምን እንደሚያስነሳብዎት እናየዋለን» አለችኝ። መዝገብ መያዝ ለኔ ብርቅ አይደለም፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የኖርኩበት ነው። ስለ ራሴ ስጽፍ ግን ይሄ የመጀመሪያዬ ስለሆነ እንደ ጅል ያስቀኛል።

እንግዲህ ሥራዬ። የዩኒቨርሲቲ የሌዘር ክፍል ቴክኒሻን ነኝ። ጨረር አስተካክላለሁ፣ መስተዋት እጠርጋለሁ፣ ዕቃ አጥባለሁ። ተማሪዎቹ «ሰባቴ» ይሉኛል። አሲድ የነካው ዕቃ በንጹሕ ውሃ ሰባት ጊዜ ካልታጠበ ወደ ጠረጴዛው አይመለስም እያልኩ ስለማስቸግራቸው ነው። ግድግዳው ላይ የሰቀልኩት የእጥበት መዝገብ አለ፦ ቀኑ፣ ዕቃው፣ «ሰባት ጊዜ ታጥቧል»፣ ፊርማ። ፊርማው የኔ ነው።

አሁን የያዝነው የወርቅ ቅንጣቶችን በብርሃን ማጋጠም ነው። ወርቅ በዓይን እስከማይታይ ድረስ ደቅቆ ውሃ ውስጥ ሲንሳፈፍ ቢጫ መሆኑ ይቀርና ቀይ ይሆናል። አረንጓዴው ሌዘር ሲመታው ሁለት ቅንጣቶች የሚጠጋጉባት ጠባብ ቦታ ብቻ ትግላለች፣ ትቀልጣለች፣ ከዚያ ይያያዛሉ። ሲያያዙ ውሃው ከቀይ ወደ ሐምራዊ ይዞራል። ለባለቤቴ ይህን ሁሉ አብራርቼላት ስጨርስ «ታዲያ በያጅ ነኝ አትልም?» አለችኝ። ልብስ ሰፊ ናት፣ ነገር ማካበድ አትወድም።

ረቡዕ 7/2። 150 በ 92።

ሥራው የችኮ ነው። ችኮ የዶክትሬት ተማሪያችን ናት። ስሙን ያወጣላት ፕሮፌሰሩ ነው፣ በቃኝ ማለት ስለማታውቅ። ሦስት ዓመት ሙሉ ብልቃጡ ቀይ ሆኖ ገብቶ ቀይ ሆኖ ሲወጣባት አንድ ቀን ከሥራ አልቀረችም። ከአሥር ሳምንት በፊት ግን ድንገት ሐምራዊ ሆነላት። በማግስቱም ሆነ። ከዚያ ወዲህ እንቢ ያለበት ቀን የለም። በሚቀጥለው ወር አጋማሽ ፈታኞች ፊት ትቀርባለች። ካለፈች ዶክተር ናት። ካላለፈች የተሰጣት ጊዜ አልቋል፣ ሌላ ዕድል የሚባል ነገር የለም።

ዛሬ ፕሮፌሰሩ ስልክ ሲያወራ ጆሮዬን ጣል አደረግኩ። «ልጅቷ ጎበዝ ናት፤ ምስጢሩ ግን ቴክኒሻናችን ነው። እንደሱ ንጹሕ እጅ ያለው ሰው አላየሁም» ይላል። ኮሪደር ላይ ብቻዬን ስስቅ የጽዳት ሠራተኛዋ አይታኝ «ምን ተገኘ?» አለችኝ። ምንም አልኳት።

ሐሙስ 8/2። 154 በ 94።

ቸኩያለሁ። ንጹሑን ውሃ የሚያወጣልን ማጣሪያ አሁንም በጠብታ ብቻ ያንጠባጥባል። ጠዋት አንድ ሊትር ተኩል፣ በቃ። ለችኮ የወርቅ ቅልቅል ይበቃል። ለእጥበት የሚተርፈው ትንሽ ነው። እንደምንም እናብቃቃዋለን።

ዓርብ 9/2። 157 በ 96።

የማጣሪያውን ነገር ልጻፈውና ይውጣልኝ። አዲስ ማጣሪያ ግምጃ ቤት አለ። ግምጃ ቤቱ ከኛ ክፍል አምስት ደቂቃ መንገድ ነው። እኔ ግን እግሬ እዚያ አይረግጥም ብያለሁ። ከሦስት ወር በፊት የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ሰው በተሰለፈበት «የሰበርከውን ሌንስ ሳትፈርምልኝ ሌላ ዕቃ አትወስድም» አለኝ። እኔን! በአሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ሌንስ ከእጄ ወድቆ አያውቅም። ያልሰበርኩትን አልፈርምም ብዬ ጥዬው ወጣሁ። ኋላ ሌንሱን የሰበረው የሌላ ክፍል ሰው ሆኖ ተገኘ። ይቅርታ ያለኝ ግን የለም። እሱ ካልጠራኝ እኔ አልሄድም። ሰው እንዴት እንዲህ ይደፍራል?

ነርሷ ግፊት የሚያስነሳውን ይጻፉ ያለችው እንዲህ ያለውን ይመስለኛል።

ማክሰኞ 13/2። 151 በ 93።

ችኮ ከአንድ ቅልቅል ሁለት ብልቃጥ ትሞላለች። አንዱ ጨረር ፊት ይቀመጣል፣ አንዱ ጥቁር ሳጥን ውስጥ። የሳጥኑ ቀይ እንደሆነ ከቀረ፣ ሥራውን የሠራው ብርሃኑ ነው ማለት ነው። ጨረር ፊት በሚቀመጠው ውስጥ ክኒን የምታህል ነጭ ማግኔት እየተሽከረከረች ታማስላለች። የሳጥኑ ውስጥ የለችም።

ዛሬ ወረቀት ይዛ መጣች። «ጋሼ፣ ከፈታኞቹ አንዷ ከወዲሁ ጥያቄ ልካለች። ሳጥኑ ውስጥ ያለውም ማማሰያ ይኑረው እንዴ?»

«ለምን ሲባል? ጨለማ ውስጥ ለተቀመጠ ነገር መሽከርከር ምን ይሠራለታል? ራሱን እንዲያዞረው ነው?»

ከት ብላ ሳቀች። «እርስዎ ካሉ በቃ» አለች። የዛሬ አሥር ሳምንትም ይህንኑ ጠይቃኝ ይህንኑ ነበር የመለስኩላት። ልጅቷ ምክር ትሰማለች፣ ደስ የሚለኝም ይሄ ነው።

ሰኞ 19/2። 158 በ 96።

ዓርብ የሌዘሩ ማቀዝቀዣ ስለቆመ ጨረር አልነበረም። ያዘጋጀሁት ብልቃጥ ከነማማሰያው ሳጥኑ ውስጥ ቀርቶ ነበር። ዛሬ ጠዋት ስከፍተው ሐምራዊ ሆኗል። ጨረር የሚባል ሳይነካው።

ሙቀት ይሆናል። ቅዳሜ ፀሐዩ ከርሮ ነበር። ወይም ቅልቅሉ አርጅቶ ይሆናል፣ ሲያረጅ እንዲህ ያደርገዋል። ችኮ ሳትገባ ደፋሁትና ብልቃጡን አጠብኩ። በአንድ የተበላሸ ብልቃጥ ልጅቷን ምን አስጨነቃት።

ረቡዕ 21/2። 171 በ 104።

ምሳ ሰዓት ሁሉም ሲወጡ በሩን ቆለፍኩ። ከአዲስ ቅልቅል ሦስት ብልቃጥ ሞላሁ። አንዱ ብቻውን። አንዱ ውስጥ ሁልጊዜ ከምንሠራባቸው ማማሰያዎች አንዷ። አንዱ ውስጥ እሽጉ ያልተፈታ አዲስ። ሦስቱንም ሳጥን ውስጥ ከደንኳቸው። ለምን እንዳደረግኩት እንጃ። ለማጣራት ያህል ነው።

ሐሙስ 22/2። 174 በ 106።

ሁለቱ ቀይ። የኛዋ ያለችበት ሐምራዊ።

ዓርብ 23/2።

አልለካሁም። አንድ ጊዜ ሞክሮ ማን ይፈርዳል? ሌላ ምክንያት ይኖረዋል።

እሑድ 25/2። 178 በ 108።

ትናንት ማንም የለም ብዬ ሥራ ቦታ ገባሁ። አንዷን ማማሰያ ሰባት ጊዜ አጠብኳት። ሰባት ጊዜ በትክክል፣ እየቆጠርኩ፣ የጠዋቱን ውሃ በሙሉ ጨርሼ። ከዚያ ብልቃጥ ውስጥ ከትቼ ሌዘሩን አበራሁ፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ መከላከያ መነጽሬን አድርጌ ፊቱ ተቀመጥኩ። ቀይ ነው። ቀይ እንደሆነ ቀረ። ያ ሦስት ዓመት ያየነው የተረገመ ቀይ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቅንጣቶቹን የምንሠራውም የምናጋጥመውም በእነዚያው ማማሰያዎች ነው። በተጫሩበት ቦታ ሁሉ ወርቅ ይይዛሉ። እኔ በአሲድ አሟሟዋለሁ። የሟሟው ወርቅ ተጠርጎ እንዲሄድ ነው ሰባቱ እጥበት። ካልሄደ ከማማሰያዋ ጋር ብልቃጥ ውስጥ ይገባና ቅንጣት ከቅንጣት እንደ ሙጫ ያጣብቃል። ውሃውም ሐምራዊ ይሆናል፣ ብርሃን ኖረም አልኖረም። ማጣሪያው ማንጠባጠብ ከጀመረ ወዲህ ሰባቱን ማድረስ አልተቻለም። አራት ጊዜ ሆኗል። እዚህስ ለማን እዋሻለሁ? ሁለቴ ነው። ሁለቴ አለቅልቄ ሰባት ብዬ ፈርሜያለሁ። ውሃው ለልጅቷ ቅልቅል ይትረፍ ብዬ ነው። ይህም እውነት ነው፣ እግዜር ያውቃል።

ማጣሪያው ከተበላሸ አሥራ ሦስት ሳምንት። የችኮ ሥራ ከሠመረ አሥራ ሁለት።

ይህን እየጻፍኩ ባለቤቴ ሜትሯን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ ገባች። ለችኮ የምርቃት ካፖርት ልትሰፋላት ነው። «ትከሻዋ ስንት ይሆናል? ካንተ በምን ያህል ይጠባል?» ትለኛለች። ባለቤቴ ቀዶ ሕክምና የተደረገላት ጊዜ እኔ መርበትበቴን አይታ አራት ሌሊት ሆስፒታል ወንበር ላይ ያደረችው ችኮ ናት። አላውቅም አልኳት። «ስንት ዓመት አብረሃት ሠርተህ ትከሻዋን አታውቅም? አይ አንተ!» ብላ ሄደች።

ነገ እነግራታለሁ። ቁርጥ ነው።

ሰኞ 26/2። 176 በ 107።

ልነግራት ሄድኩ። ችኮ ቀድማ ደብዳቤ ዘረጋችልኝ። ሌላ ከተማ ያለ ቡድን ሥራችንን ሊደግመው ሞክሮ አልሆነለትም፤ ስድስት ጊዜ ቀይ።

«ጋሼ፣ ምን እንደጎደላቸው ያውቃሉ?»

«ምን?»

«እነሱ ጋ ሰባቴ የላቸውማ! ዕቃቸው ቆሻሻ ይሆናል።»

ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። በታተመው ጽሑፋችን ላይ «ማማሰያዎቹ በንጹሕ ውሃ ሰባት ጊዜ ታጥበው» የሚል መስመር አለ። ሰዎቹ እንደተጻፈው ነው ያደረጉት። በዚያ ሳቅ መሀል እንዴት አድርጌ ልንገራት?

ረቡዕ 28/2። 180 በ 108።

ለፕሮፌሰሩ ደብዳቤ ጻፍኩ። እዚህ ደብተር ላይ ነበር የጻፍኩት፣ አራት መስመር። ገጹን ቀድጄዋለሁ። ብጣሹ ይታያል።

ሰኞ 3/3። 175 በ 106።

ከዛሬ ጀምሮ በትክክል አጥባለሁ ብዬ ወሰንኩ። ማማሰያዎቹን ሦስቱንም ሰባት ሰባት ጊዜ። ቅልቅሉ በተራ ውሃ አይሠራምና የነገውን ውሃ ዛሬ አጠራቅሜ ነው። እንዲህ ከሆነ ራሷ ትደርስበታለች፤ እኔም መናገር አያስፈልገኝም።

ሐሙስ 6/3። 179 በ 110።

ማክሰኞ ቀይ። ትናንት ቀይ። ዛሬ ቀይ።

ችኮ ሰው አትመስልም። ትናንት ምሳዋን ሳትከፍተው ወደ ቤት መለሰችው። እያንዳንዱን ቀን ደብተሯ ላይ ትጽፋለች፣ «ቀይ»፣ «ቀይ»፣ «ቀይ»፣ በዚያች ጥርት ባለች እጇ። ፕሮፌሰሩ ገብቶ «ፈታኟ በፈተናው ቀን ሲሠራ ካላየሁ ብላለች፤ በዓይኗ ፊት እንድታደርጊው ነው የምትፈልገው» አላት። አሥራ አንድ ቀን ነው የቀረው። እሱ ሲወጣ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብላ «ጋሼ፣ ምን አጠፋሁ?» አለችኝ።

ምን አጠፋሁ ትላለች እኮ። አንጀቴን በላችው። ጨረሩ ትንሽ ሳይዛነፍ አይቀርም፣ ነገ አስተካክልልሻለሁ አልኳት።

ዓርብ 7/3። 177 በ 108።

ጨረሩን ነካ ነካ አደረግኩ። ማማሰያዎቹን ሁለቴ አለቀለቅኩ።

ሐምራዊ ሆነ። ችኮ አቀፈችኝ። መዝገቡ ላይ ሰባት ብዬ ፈረምኩ። ሌላ ምን ልጻፍ?

እሑድ 9/3።

ይለፍላት ብዬ ነው። ዲግሪዋን ትያዝ፣ ከዚያ በኋላ ራሱ ይረሳል። ታትሞ የተረሳ ስንት ሥራ አለ። ማንን ይጎዳል? ወርቁ ተጋጥሟል አይደል? በብርሃን ይሁን በሌላ፣ ተጋጥሟል። ባለቤቴ የካፖርቱን ጨርቅ ቆርጣ ጨረሰች። ጥቁር ሰማያዊ ነው። ትከሻውን በግምት አደረገችው።

ረቡዕ 12/3። 182 በ 111።

ነርሷ የክኒኑን መጠን ጨመረችልኝ። «ሥራ ቦታ የሚያስጨንቅዎ ነገር አለ?» አለች። ደብተሩን ልታይ ስትጠይቀኝ ቁጥሮቹን በቃሌ ነገርኳት። ቤት ረስቼው መጣሁ አልኩ። ኪሴ ውስጥ ነበር።

እሑድ 16/3። 180 በ 110።

ነገ ነው። ማማሰያዎቹን ዓርብ ነው ያዘጋጀኋቸው። ግምጃ ቤቱ አምስት ደቂቃ መንገድ ነበር። አምስት ደቂቃ! ሄጄ «ማጣሪያ ስጠኝ» ብል ምን እሆን ነበር? ቢያመናጭቀኝስ? ሰው ከመመናጨቅ ሞቶ ያውቃል? ግን ይህን አሁን ማሰብ ምን ይረባል።

ጠዋት ቀድሜ ገብቼ በደንብ ላጥባቸው ይሆን? ካጠብኳቸው ቀይ ይሆንና ትወድቃለች። ካላጠብኳቸው ታልፋለች። አላጥብም።

ሰኞ 17/3። 184 በ 112።

ፈታኟ አጭር ሴትዮ ናት፣ ፀጉሯ የሸበተ፣ ድምፅዋ ለስላሳ። ችኮ አርባ ደቂቃ ተናገረች፣ እንደ ውሃ ፈሰሰላት። ከዚያ ሁላችን ወደ ሌዘር ክፍል ወረድን። ችኮ አንዱን ብልቃጥ ከነማማሰያው ጨረር ፊት፣ ሌላውን ሳጥን ውስጥ ልታስቀምጥ ስትል ፈታኟ «አንዴ ቆዪ ልጄ» አለች። «የሳጥኑም ማማሰያ ይግባበት። ከዚያው ትሪ ስጪኝ። እሱም ይሽከርከር።»

ችኮ ወደኔ አየች። እኔ የጫማዬን ክር አሰርኩ።

«ሦስተኛም እንጨምር» አለችና ፈታኟ ከቦርሳዋ ያልተፈታ እሽግ አወጣች። የራሷ ማማሰያ። «ይቺ ደግሞ የኔ ናት፤ ይህንን ጨረር ፊት።»

ሁለት ሰዓት ጠበቅን። ሻይ መጣ፣ ማንም አልጠጣም። ሳጥኑ ሲከፈት የችኮ ሁለቱም ሐምራዊ ነበሩ፣ ጨረር ያየውም ያላየውም። የፈታኟ ቀይ። ሁለት ሰዓት አረንጓዴ ብርሃን ጠጥቶ ቀይ።

ችኮ አላለቀሰችም። ብልቃጦቹን አንድ በአንድ ወደ መብራቱ እያነሳች አየቻቸው። «እንዴት ነው?» አለች፣ ለማንም ሳይሆን። ፕሮፌሰሩ ግንባሩን ይዞ ወጣ። ያን ጊዜ አፌን ብከፍት ኖሮ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፦ በደንብ አላጠብኳቸውም። ይህችው ናት። ስድብ እቀበል ነበር፣ ምናልባት ከሥራ እባረር ነበር። ልጅቷ ግን ተሳስታለች ይባል ነበር እንጂ ሌላ ስም አይወጣላትም ነበር።

ሐሙስ 20/3። 183 በ 110።

ማማሰያዎቹን መርምረው የሟሟ ወርቅ አገኙባቸው። አሁን ጥያቄው ከየት መጣ ነው። የክፍሉ ጸሐፊ በር ላይ ለጓደኛዋ ስታወራ ሰማሁ፦ «እጥበት አይሆንም ይላሉ፣ መዝገቡ ሙሉ ነው። የልጅቷን ደብተር ሲያዩት ደግሞ ሦስት ቀን ቀይ፣ ቀይ፣ ቀይ ይልና በአራተኛው ቀን ሐምራዊ ነው። ያውም ፈተናው ሲደርስ። ጭንቅ ቢላት የሟሟ ወርቅ ጠብ አድርጋበት ነው፤ ሌላ ምን ይሆናል?»

ሦስቱን ቀይ የጻፈችው እውነተኛ ስለሆነች ነው እኮ። ሌላ ሰው ቢሆን ይዘለው ነበር።

ማክሰኞ 25/3። 181 በ 111።

የአጣሪ ኮሚቴው ሦስት ሰዎች ናቸው የጠየቁኝ። መዝገቤን ከግድግዳው ላይ አውርደው ጠረጴዛ ላይ ዘርግተውታል። ከግድግዳ ሲወርድ ትንሽ ነገር ነው።

«ፊርማው የእርስዎ ነው?»

«የኔ ነው።»

«ሰባት ጊዜ ታጥቧል ይላል። ታጥቧል?»

ስገባ ልነግራቸው ነበር። ደረጃውን ስወጣ እስከ ቃሉ አዘጋጅቼው ነበር። መሀል የተቀመጠው ሰውዬ ግን ቀና ብሎ «ይቅርታ ያድርጉልን፣ ለደንቡ ያህል ነው የምንጠይቅዎ፤ እርስዎን ማን ይጠረጥራል?» አለኝ። ዓይኔን በጨው አጥቤ «ታጥቧል» አልኩ።

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ።»

አመስግነው ሸኙኝ። አንዱ ተነሥቶ በር ከፈተልኝ።

ሰኞ 1/4። 170 በ 102።

ውሳኔው ወጣ። ሆን ብላ ውጤት አጭበርብራለች። ትሰናበታለች፣ የታተመው ጽሑፍ ይሰረዛል፣ ስሟ ለሌሎችም ተቋማት ይላካል። ፕሮፌሰሩ በሁለት ሳምንት ውስጥ አርጅቷል። «ሦስት ዓመት አጠገቤ አስቀምጬ አላወቅኳትም» አለኝ። ሰው አይታወቅም አልኩት። አፌ ነው ያለው። እጁን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጎ «አንተ ባትኖር ምን እሆን ነበር?» አለ።

ሐሙስ 4/4። 161 በ 98።

ችኮ ዕቃዋን ልትወስድ መጣች። አንድ ካርቶን አልሞላም። መከላከያ መነጽሯን አጥፋ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች፣ የመሥሪያ ቤቱ ነው ብላ።

«ጋሼ፣ ስለ እጥበቱ እኔንም ጠይቀውኝ ነበር። ቴክኒሻኑ ተሳስቶ ይሆናል ብለሽ ታምኛለሽ ወይ አሉኝ። ሰውዬውን አታውቁትም አልኳቸው።»

እንዲህ ነው ያለችው። አታውቁትም አልኳቸው። አዎ ብላ ቢሆን ኖሮ ሥራውን ሁሉ እንደገና ይመረምሩላት ነበር። ማምለጫዋን በገዛ እጇ የዘጋችው ለኔ ብላ ነው።

«ግን ማን ነው የጨመረው? ሌት ተቀን አስባለሁ። አንዳንዴ እኔው ራሴ ይሆን እላለሁ። ደክሞኝ፣ ሳላውቀው። እንዲህ ይደረጋል?»

«ራስሽን አታስጨንቂ» አልኳት።

«እርስዎ ብቻ ነዎት ፊትዎን ያላዞሩብኝ» አለችና ሁለት ጊዜ ጉንጬን ሳመችኝ። በመስኮት አየኋት። ካርቶኑን እየቀያየረች ተሸክማ በበሩ ወጣች፤ ዘበኛው ካርቶኑን ከፍቶ ፈተሸው። ፈተሸው! ችኮን።

ካፖርቱ ሥራ ቦታ ባለው ቁም ሣጥኔ ውስጥ ነው። ባለቤቴ «ለምርቃት ባይሆንም ለብርድ ይሆናታል፣ አድርስላት» ብላ በወረቀት ጠቅልላ ሰጥታኝ ነበር። ስገባ «ልኩ ሆናት ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ። ልክክ አለላት አልኩ።

ማክሰኞ 9/4። 148 በ 92።

ዛሬ ከግምጃ ቤቱ አንድ ሰው የታሸገ ዕቃ ይዞ መጣ። አዲሱ ማጣሪያ ነው። ካርቶኑ አቧራ ጠግቧል። ላዩ ላይ ወረቀት ተለጥፏል፣ በኃላፊው እጅ የተጻፈ፦ «ለሰባቴ። መጥቶ ይውሰድ። የሌንሱን ጉዳይ አጣርቻለሁ፣ ተሳስቻለሁ።» ቀኑን አየሁት። ማጣሪያው ማንጠባጠብ በጀመረ በሦስተኛው ቀን ነው።

«ማጣሪያችሁ መበላሸቱን ሰምቶ ያኔውኑ አውጥቶት ነበር፤ ጠረጴዛው ላይ ሲጠብቅዎት ቆይቶ፣ ሳይመጡ ሲቀሩ አምጣለት አለኝ» አለ ልጁ።

ገጠምኩት። ውሃው ይወርዳል፣ እንደ ልብ። አንድ ሙሉ ባልዲ ሞልቶ ሲፈስ ቆሜ አየሁት። ከዚያ ማማሰያዎቹን አወጣሁና ሰባት ሰባት ጊዜ አጠብኳቸው። የሚሠራባቸው የለም።

ረቡዕ 17/4። 132 በ 84።

ክሊኒክ ሄድኩ። ነርሷ ሁለቴ ለካችኝ፣ አላመነችም። ይህን ደብተር ዛሬም ቤት ረሳሁት አልኳት።

«መቶ ሠላሳ ሁለት በሰማንያ አራት እኮ ነው! ባለፈው የነበሩበትን ያውቃሉ? ጨው ቀነሱ?»

«አይ።»

«በእግር መሄድ ጀመሩ?»

«አይ።»

«ታዲያ ምን አድርገው ነው?»

«ምንም አላደረግኩም» አልኳት።

ደስ ብሏት ካርዴ ላይ ጻፈች። እንዲሁ ይቀጥሉ፣ ደብተሩንም ከእንግዲህ መጻፍ አያስፈልግዎትም አለችኝ።